ጃኬቴ ጀርባ ላይ የነበረው የራስ ቅል

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ሽማግሌ ልኬ ልጅ ባስጠየቅኩበት ቀን ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው፣ ከላክኋቸው ሽማግሌዎች ይልቅ አንድ አሮጌ ጃኬት ጉዳዬን ስለያዘው ነው።

እኔ በቆቦ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት የምከትብ ሰው ነኝ። እግሬ ሞተር ነው ማለት ይቻላል። ጃኬቱን የገዛሁት ቆቦ ገበያ ከሰልቫጅ ክምር ውስጥ ነው። ጥቁር ቆዳ ሆኖ ጀርባው ላይ ትልቅ ዓርማ አለበት፤ ክንፍ ያለው የራስ ቅል፣ ዙሪያውን ጎማ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ። ያምር ነበር፣ በቃ።

ያስጠየቅኳት ሰላማዊት ጎብዬ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። አባቷ ሃምሳ አለቃ በሪሁን ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ሞተረኛ እንደማይወዱ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን መርጬ ነው የላክኩት። ዋናው አጎቴ ጋሽ ሞላ ናቸው፤ ቅዳሴ አይቀርባቸው፣ ወሬም አያልቅባቸው።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች በሚኒባስ ቀደሙ። ጋሽ ሞላን እኔ በሞተር ወሰድኳቸው። በማለዳው ንፋስ ሲንቀጠቀጡ አንጀቴ አልችል አለና ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳቸው፤ ጋቢያቸውን ከላይ ደረቡበት። ጎብዬ ስንደርስ አወረድኳቸውና ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጅ የሚያስጠይቅ ሰው በዚያን ቀን የልጅቱን ደጃፍ እንደማይረግጥ የታወቀ ነው።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "እሺ ካላሉን አንቀመጥም" ብለው ቆመዋል። ቆመው ቆመው ፀሐይዋ በረታች። ጋሽ ሞላን ላብ አጠመቃቸውና ጋቢያቸውን አወረዱ። ሊያስቀምጡት ዞር ሲሉ የራስ ቅሉ ከሃምሳ አለቃው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?" አሉ ሃምሳ አለቃው።

ጋሽ ሞላ ጃኬቱን አውልቀው አዩት። መቼም አላውቅም ማለት አይሆንላቸውም። "የራስ ቅሉ የአባታችን የአዳም ነው፤ ከመስቀሉ ሥር ሲሣል አይተው የለ? ክንፉ የመልአክ ነው። ጎማው ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሠቃየበት መንኮራኩር ነው። ልጃችን መንፈሳዊ ነው" አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሃምሳ አለቃው ግን "እስቲ ጽሑፉን እናስነብበው" ብለው ሰላማዊትን ከጓዳ ጠሯት። "የጃኬቱም ባለቤት ይምጣ" ብለው እኔንም በጋሽ ሞላ ስልክ አስጠሩኝ። በዚያን ቀን መታየት የሌለብን ሁለት ሰዎች መሀል ቤት ጎን ለጎን ቆመን ተገኘን። ከሐፍረቴ የተነሣ የማየው ጫማዬን ብቻ ነበር። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ሰላማዊት አነበበች። ዓርማው በውጭ አገር ሞተር የሚነዱ ፖሊሶች ማኅበር መለያ ነው። ከሥሩ ደግሞ "መንገድ ላይ ለቀሩብን ጓዶቻችን" ይላል አለች።

ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃምሳ አለቃው ጃኬቱን ጭናቸው ላይ አድርገው የራስ ቅሉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ከዋጃ በሞተር ሲመለስ ወድቆ ስለሞተ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ነገሩን። ሄልሜቱ የተገኘው የሞተሩ መሪ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው አሉ።

ቀና ብለው "ያንተስ ሄልሜት የት አለ?" አሉኝ።

"ቆቦ ረስቼው ነው" አልኩ። ውሸቴን ነው። ሞተር ከያዝኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ሄልሜት ኖሮኝ አያውቅም። በእኛ አገር ሙቀት ራስን አፍኖ መሄድ እብደት ይመስለኝ ነበር። ሰላማዊት ይህን ስለምታውቅ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

"ይኼ አዳም አይደለም" አሉ ሃምሳ አለቃው። "ሄልሜት የሌለው ሞተረኛ ነው። ልጄን ለእሱ አልሰጥም። ጃኬቱም እዚሁ ይቀራል፤ በፖሊስነት ያላገለገለ አይለብሰውም።" ሽማግሌዎቹን ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሏቸው።

በማግስቱ ሄልሜት ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ለሥራ በጎብዬ በኩል ተመላለስኩ። ሃምሳ አለቃው ያንን ጃኬት በዚያ ሙቀት ለብሰው አስፋልቱ ዳር ይጠብቁኛል። እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙኝና አገጬ ሥር ያለውን ማሰሪያ ሳብ ሳብ አድርገው "እለፍ" ይላሉ። ገበያተኛው ቆሞ ይስቅብኛል። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ሃምሳ አለቃው እሺ አሉ።

ከተጋባን በኋላ ዋጃ መንገድ ላይ ግመል ገባብኝ። ተስፈንጥሬ በጭንቅላቴ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ። ሄልሜቱ ተሰነጠቀ፤ እኔ የተሰበርኩት ክንዴን ብቻ ነው።

ሃምሳ አለቃው ጃኬቱን ለብሰው ሊጠይቁኝ መጡ። የተሰነጠቀውን ሄልሜት አገላብጠው አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዞሩና ጀርባቸው ላይ ያለውን የራስ ቅል አሳዩኝ።

ጋሽ ሞላ እስከ ዛሬ "አዳም ነው" ብለው ይከራከራሉ። እኔ ግን ያንን የራስ ቅል ባየሁ ቁጥር፣ በእግሬ እየሄድኩም ቢሆን፣ እጄ ሳላዘው ወደ አገጬ ይሄዳል።