ደህና ነኝ ትላለች

ሰቆጣ ላይ ለተጊዮርጊስን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳም ከሆነ መጀመሪያ የሚያፈላልገው እሷን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥናት ነው፣ ቆጠራ ነው፣ ግምገማ ነው እያለ ወረቀት ተሸክሞ የመጣ ሁሉ ያለ እሷ የማንንም ደጃፍ አልረገጠም። ገበሬው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ይናገራል፣ እሷ በአማርኛ ታቀብላለች። የዝቋላን ቁልቁለት፣ የሰሃላን የእግር መንገድ እንደ ጓሮዋ ታውቃቸዋለች። ሾፌሮች ደግሞ ነፍሳቸው ናት፤ ለምን ቢሉ ትፈጥናለቻ! ሌላ አስተርጓሚ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ቤት እሷ በሩብ ሰዓት ጨርሳ «ቀጥሎ!» ትላለች። እሷም በዚህ ትኮራ ነበር፤ ምን እሷ ብቻ፣ እኛም ኮርተንባታል።

ታዲያ በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ቀን እየሠራች ማታ ተምራ ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሶሺዮሎጂ ልትማር ተመዘገበች ሲባል ማንንም አልደነቀውም። የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ገና ሳትመዘገብ መርጣዋለች። ልጆቻቸው ተሰደው ድምፃቸው የጠፋባቸው የዋግ እናቶች እንዴት ውለው እንዴት ያድራሉ የሚል ነው። ይህን ከእሷ በላይ ማን ይጽፈዋል? የስንቷን እናት ቤት ገብታ ወጥታለች!

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ገቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የአንድ ሳምንት የምርምር ዘዴ ሥልጠና እዚሁ ሰቆጣ አዘጋጀ። አሠልጣኙ ዶክተር ካሤ ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ሲደሰቱ የሚጮኹ፣ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ የሚሄድ ሰው ናቸው። ሰኞ ዕለት ስለ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስለ ናሙና አመራረጥ፣ ስለ ምሥጢር መጠበቅ አስተማሩ። «የተጠያቂ ስም በጥናት ውስጥ አይጻፍም። ሰው አምኖ የነገራችሁ ነገር ተመልሶ እንዳይጎዳው» አሉና ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ለተጊዮርጊስ እስክሪብቶዋን እንኳ አላነሣችም። ይሄን ይሄን እኔ ላስተምር እችላለሁ፣ ብላ ነው መሰለኝ በሻይ ሰዓት ለሌሎቹ ምክር ስትለግስ የዋለችው።

ማክሰኞ ለልምምድ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ሰቆጣ ዙሪያ ወጡ። እሷ የደረሳት አንዷለም የሚባል ከደሴ የመጣ ልጅ ነው። ኽምጣንጋ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ሥራው ስልኩን ይዞ ድምፅ መቅዳት ብቻ ነው። ትእዛዙ የሚባለው ሾፌር ከአንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ አወረዳቸው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጸሐይነሽ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ሴት ልጃቸው በአፋር በረሃ አድርጋ ባሕር ልትሻገር ከወጣች ስምንት ዓመት ያለፋቸው እናት። እንግዳ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፣ የገብስ ቆሎ አቀረቡ፣ ድምፃቸው እንደሚቀዳ ተነግሯቸው ፈቀዱ። ጥያቄና መልሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ትእዛዙ የመኪናውን ጥሩንባ ሲነፋ ለተጊዮርጊስ ጨርሳ ለመውጣት ብድግ ብላለች።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ካሤ የየቡድኑን ቅጂ በአዳራሹ ማስደመጥ ያዙ። የእነ ለተጊዮርጊስ ተራ ደረሰ። «ከልጅዎ ወዲህ ኑሮ እንዴት ነው?» የሚለው የእሷ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወይዘሮ ጸሐይነሽ በኽምጣንጋ ጀመሩ። ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ አንዴ ድምፃቸው ተቆረጠ፣ መልሰው ቀጠሉ። በመጨረሻ የለተጊዮርጊስ ድምፅ መጣ፤ «ደህና ነኝ ትላለች። ቀጥሎ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለተጊዮርጊስም አብራ ሳቀች። ዶክተር ካሤ ግን አልሳቁም።

«ሁለት ደቂቃ ተናግረዋል» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አንቺ ሁለት ቃል ሰጠሽን። የቀረው የት ሄደ?»

«ዶክተር፣ ያው… ስለ ልጃቸው ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ስለ ሁሉም አልጠየቅኩሽም። እሳቸው ምን አሉ?»

አቤት ድንጋጤ! ትናንት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ ዓይናቸውን እያየች፣ ያሉትን አታውቀውም። እሳቸው ሲናገሩ እሷ የሚቀጥለውን ጥያቄ እያዘጋጀች ነበር። የአገራችንን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፤ የቱንም ያህል የከበደ ነገር ቢናገር መዝጊያው አንድ ነው፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። እሷ ያን መዝጊያ ብቻ እየጠበቀች ነው ዘጠኝ ዓመት የሠራችው። የሰው ገመና በባዕድ ፊት አይዘረዘርም የሚለው አስተዳደጓም አግዟታል፤ መሸፈን ደግነት ይመስላት ነበር። የመኪናው ጥሩንባም አለ።

ዶክተር ካሤ ጭራሽ አንሾካሾኩ። «ነገ እዚያው ቤት ተመልሰሽ ቃል በቃል ይዘሽ ካልመጣሽ ዋግ ላይ ጥናት እንድትሠሪ አልፈርምም። ሌላ ቦታ ትሄጃለሽ፤ አስተርጓሚ ቀጥረሽ።»

አስተርጓሚ ቀጥረሽ! ለለተጊዮርጊስ! ፊቷ ደም መሰለ፤ ቀና ብላ ማንንም ማየት አቃታት።

ከምሳ በኋላ አንዷለም ስልኩን አቀበላትና አጠገቧ ተቀመጠ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ያችን ሁለት ደቂቃ ከፈተች። ወይዘሮ ጸሐይነሽ እንዲህ ነበር ያሉት፦

«አንቺን አውቅሻለሁ፣ ልጄ። ከስድስት ዓመት በፊት ከእንግዶች ጋር በነጭ መኪና መጥተሽ ነበር። ያን ጊዜ የልጄን ስም ነግሬሻለሁ። መስታወት ወልደ ጻድቅ፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፣ ፍየል ወግቷት ነው፣ ብዬሻለሁ። የወጣችው የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ነው። እነዚያ ሰዎች እንዲጽፉልኝ ለምኜሽ ነበር። ጎረቤት ስለ እሷ ሲጠይቀኝ ‹ተጽፋለች፣ እየፈለጓት ነው› እላለሁ። ዛሬ ስትገቢ መልሱን ይዘሽ የመጣሽ መሰለኝ። ይዘሽ ካልመጣሽም ግድ የለም። ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ለተጊዮርጊስ ማዳመጫውን አወለቀች። ያን ቀን ለእንግዶቹ ምን እንዳለች አሁን ትዝ አላት፤ «አንድ ልጅ ውጭ አገር አለቻት» ነበር ያለችው። በቅጹ ሣጥን ውስጥ አንድ ተብሎ ተሞላ፤ ሌላ ምንም አልተጻፈም። አንዷለም «ምን አሉ?» ሲላት እንባዋ ቀደማት። እሱም አልወተወታትም፤ ውኃ አምጥቶ ጠበቃት። ስታበቃ ሁሉንም ነገረችው፤ የራሷንም ጥፋት ሳታሳጥር።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ካሤም አብረው መኪናው ላይ ወጡ። «አየዋለሁ እንጂ አልናገርም» አሉ። የድንጋይ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ለተጊዮርጊስ የመኪናውን በር እጀታ ይዛ ቀረች። ብትመለስ ምን አለበት? ሌላ ርዕስ፣ ሌላ አገር፣ ማንም የማያውቃት ቦታ መሥራት ትችላለች። ግን ወይዘሮ ጸሐይነሽ በር ላይ ቆመው አይተዋታል።

ገብታ ቆሎውንም መቀመጫውንም ሳትቀበል በኽምጣንጋ ተናገረች። «እማማ፣ መልስ ይዤ አልመጣሁም። ያን ጊዜ ስሟ አልተጻፈም። እነሱ አይደሉም ያጠፉት፤ የነገሩኝን እኔ ነኝ ያላቀበልኩት።»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቆሎውን እንደያዙ ቆሙ። «ስድስት ዓመት» አሉ። ደግመው «ስድስት ዓመት እኮ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሳህኑ ከእጃቸው ወድቆ ቆሎው ተበተነ። «እኔ እኮ በየበዓሉ ሰው ሲሰበሰብ ተጽፋለች እያልኩ ነው! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንኳ እንደዚያ ብያለሁ! ዋሽተሽ አስዋሸሽኝ!»

ለተጊዮርጊስ አንገቷን ደፋች። «አዎ» አለች።

አንዷለም ምን እንደተባለ ባያውቅም ጎንበስ ብሎ ቆሎውን መልቀም ጀመረ። አንዲት አንዲት እያለ ከመሬቱ ላይ ለቀመው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ እሱን ሲያዩት ቆዩና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«አንቺም ተቀመጪ» አሉ። «አሁን ጻፊ። ስሟን ጻፊ።»

ሌላ ጣጣ መጣ። ስም አይጻፍም ተብሏል! ለተጊዮርጊስ ሕጉን ከእነ ምክንያቱ አስረዳች፤ በጥናቱ ውስጥ መስታወት በሌላ ስም ነው የምትጠራው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሰምተው ሲያበቁ «ስም ከሌላት ታዲያ ማንን ነው የሚፈልጉት?» አሉ።

ለተጊዮርጊስ ይህንኑ ቃል በቃል በአማርኛ አቀበለች። አንዷለም ቀና አለ። ደሴ ከተማ የጠፉ ዘመዶችን የሚያፈላልግ ቢሮ እንዳለ፣ የጎረቤቱ ወንድም በዚያ በኩል ወሬው እንደተገኘ ተናገረ። ዶክተር ካሤ አልናገርም ያሉትን ረሱና «ሁለት ወረቀት ነው የሚያስፈልገው» አሉ። «አንዱ የጥናቱ ነው፤ ስም የለበትም። ሌላው የእናትዬዋ ነው። እሱ ላይ ሙሉ ስም፣ ሙሉ ምልክት ይጻፋል። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ።»

«እንደምትገኝ ግን ቃል ልገባ አልችልም» አለች ለተጊዮርጊስ ወደ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዞራ። «ቃል መች ጠየቅኩሽ? ጻፊ ነው ያልኩሽ» አሏት።

ጻፈች። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ይናገራሉ፣ እሷ አንዲት ሳትጥል ታቀብላለች፣ አንዷለም ይቀዳል። ማሳጠር በዳዳት ቁጥር ምላሷን ትነክሳለች። ጠባሳው ከግራ ቅንድብ በላይ ነው ወይስ መሐል? ከመሐሉ ይጀምራል። አብረዋት የወጡት ሁለቱ የማን ልጆች ናቸው? መጨረሻ ስትደውል ከየት ነኝ አለች? ዘጠኝ ዓመት ይዛው የኖረችው የጥያቄ ወረቀት ላይ እነዚህ ጥያቄዎች አንድም ቀን ኖረው አያውቁም።

ከውጭ የትእዛዙ ጥሩንባ ጮኸ። ለተጊዮርጊስ በልማድ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሣች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ወደ በሩ ዞራም «ትእዛዙ! ዛሬ አንፈጥንም፣ ሞተሩን አጥፋው!» ብላ ጮኸች። ዶክተር ካሤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት፣ አንዷለም እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ ነው። «ጥናትሽን እዚሁ እንድትሠሪ እፈርማለሁ!» አሏት ጮክ ብለው።

ለተጊዮርጊስ ሁለተኛውን ወረቀት አንሥታ በኽምጣንጋ ማንበብ ይዛለች። «መስታወት ወልደ ጻድቅ» ብላ ስትጀምር ወይዘሮ ጸሐይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ንባቡ አለቀ። ለተጊዮርጊስ እስክሪብቶዋን አስተካክላ ያን የለመደችውን መዝጊያ ጠበቀች፤ ተመስገን፣ ደህና ነኝ የሚለውን።

አልመጣም። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ገና አልጨረስኩም» አሉ።

ለተጊዮርጊስ ገጹን ገለጠች።