ደንና ማሳ፣ ዘለቀና ተሰማ

ባለፈው ወር የጽሕፈት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ አንዲት የጥቁር ቀለም ጠርሙስ ከፍቼ ሳሸት፣ ያ የተቃጠለ ጥድና የመድኃኒት ነገር የተቀላቀለበት ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና እዚያው ቆሜ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ፣ ፍራው ሞሪታ ቤት። ፍራው ሞሪታ፣ በእኛ አባባል ወይዘሮ ሞሪታ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጃፓናዊት አዛውንት ነበሩ። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ይጭን፣ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ አንዳቸው ከሥራ እስኪገቡ ድረስ እሳቸው ዘንድ እቆይ ነበር።

የሕንፃችን ደወል ላይ የእኛ ቤት ሦስት ስም ነበረው፤ ተሰማ፣ በላይ፣ ዘለቀ። አባቴ ዘለቀ ተሰማ፣ እናቴ አስናቀች በላይ፣ እኔ ሰናይት ዘለቀ። ለእኛ ሰው ይህ ምኑም አይገርምም፤ ሁሉም ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን ይይዛል፣ ሴትም ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም። ፖስተኛው ግን ሦስት ቤተሰብ ተጨናንቆ የሚኖር መስሎት በአዘኔታ ያየን ነበር። አባቴ በሥራ ቦታው «ሄር ተሰማ»፣ ማለትም አቶ ተሰማ፣ ሲሉት «አባቴን ከሆነ የፈለጋችሁት ደሴ ነው ያለው» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የወላጆች ስብሰባ ላይ ደግሞ አስተማሪዬ የእኔን ስም ይዛ «ሄር ዘለቀ» ስትለው ደረቱን ነፍቶ ይገባና፣ «በዚህ አገር አቶ ዘለቀ የሚሉኝ እነዚህ ብቻ ናቸው» ይለን ነበር።

እኔ ግን አፍር ነበር። ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን የክፍሌ ልጅ ሊዛ ልትጠይቀኝ መጥታ ደወሉን አየችና፣ «እውነተኛ አባትሽ ነው?» አለችኝ። እሷ ክፋት አልነበረባትም፤ እኔ ግን ያን ቀን ትራሴ እስኪርስ አለቀስኩ። እናቴ ምን ሆነሽ ብላ ስትወተውተኝ፣ «ለምን እንደ ሰው አንድ ስም የለንም!» ብዬ ጮህኩባት፤ አባቴም ከሳሎን ሰምቷል።

ክረምቱ ገብቶ መስኮቱ ጉም ሲለብስ፣ ፍራው ሞሪታ በዚያ ጥቁር ቀለም በብሩሽ መጻፍ ያስተምሩኝ ጀመር። ወገቤን ካላቀናሁ ብሩሹን አይሰጡኝም ነበር፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ ያስጻፉኝ ዛፍን ነው። ከዚያ ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን አቁመው «ይህ ቁጥቋጦ ነው» አሉኝ፤ አንድ ከላይ፣ ሁለት ከሥር አድርገው ሦስት ሲያደርጉት ደግሞ ደን ሆነ፣ ሞሪ። ቀጥለው አራት ማዕዘን ሠርተው መሐሉን በመስቀል ከፈሉት፣ እሱ በድንበር የተከፋፈለ የሩዝ ማሳ ነው። ደንና ማሳ፣ ሞሪታ። «ሌላ ሞሪታ አለ» አሉኝ፣ «አጠራሩ ከእኛ አይለይም፣ የመጀመሪያው ምልክት ግን መጠበቅ ማለት ነው፣ የማሳ ጠባቂዎች እንደማለት። ስለዚህ በአገራችን ከሰው ጋር ስንተዋወቅ፣ በየትኛው ምልክት ነው የምትጻፈው ብለን እንጠያየቃለን።»

ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው የባላቸው ቤተሰብ የሚያወራውን ነገሩኝ። ገበሬዎች ነበሩ፤ መንግሥት ሁሉም የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ ሲያዝ፣ የባላቸው ቅድመ አያት ከደጃፋቸው ቆመው ፊት ለፊታቸው ያለውን አዩ፤ ደን ነበር፣ ማሳ ነበር፣ በቃ። እኔ በዚህ ልቤ ጠፋ። ደረጃውን በሩጫ ወርጄ በእኛ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን አየሁ፤ ሌላ ምን ይኖራል፣ ያ የጊንሃይም ረጅሙ የቴሌቪዥን ማማ። ማታ ራት ላይ ቆሜ፣ የቤተሰባችን ስም ከዛሬ ጀምሮ ቱርም፣ ማለትም ማማ፣ እንዲሆን አወጅኩ። አባቴን ጉርሻው ትን አለውና አሳለው፣ ሳቀ፣ እንባው ወረደ። «ሄር ቱርም! በስተርጅና ሄር ቱርም ሆኜ ልረፈው!» አለ። ሳቁ ሲያበቃ ግን እንባውን ጠርጎ ትክ ብሎ አየኝ። ሞኝነቴን ሳይሆን ምኞቴን አይቶ ኖሯል።

በጸደይ የዜግነት ወረቀታችን ተራ ደረሰ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ከመጡት ቅጾች አንዱ ስለ ቤተሰብ ስም ነበር። አባቴ ሁለት ምሽት መዝገበ ቃላት ይዞ ሲያነበው ቆየና፣ በእኔ ስም ትይዩ በትልልቅ ፊደል «ተሰማ» ብሎ ጻፈ። እናቴ «አንተስ?» ስትለው፣ «እኔ ምን እሆናለሁ፣ ለልጄ ይቅለላት» አላት። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ከአባቴ ጋር አንድ ስም ሊኖረኝ ነው፣ ሊዛ ትየው! በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለፍራው ሞሪታ ላበሥር ወደ ላይ በረርኩ።

እሳቸው አልተደሰቱም። መሳቢያቸውን ከፍተው የታጠፈ ወረቀት አወጡና ዘረጉልኝ፤ ሁለት ምልክት አለበት። «ድንጋይና ወንዝ» አሉ፣ «ኢሺካዋ ይባላል፣ አባቴ በእጁ የጻፈልኝ ነው። ሳገባ ሞሪታ ሆንኩ፣ በአገሬ ሕግ ባልና ሚስት አንድ ስም ነው የሚይዙት። ሞሪታን እወደዋለሁ፣ አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። ግን ኢሺካዋ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አሁን አንድም የለም።» ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። «አባትሽ ስሙን ካንቺ ላይ ሲያነሣ ምን አለ?»

«ምንም» አልኩ። ስናገረው ነው የገባኝ። አባቴ፣ ሻንጣ ሲጭን የዋለበትን ቀን እንኳ በቀልድ ሳያዋዛ የማይተኛው ሰው፣ ያን ምሽት ለእናቴ ከመለሰላት በቀር ምንም ሳይናገር ሳህን ሲያጥብ አምሽቶ ነበር። ያለኝ ወንድም የለም፣ እህት የለችም። እኔ ተሰማ ከሆንኩ፣ ከእንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ዘለቀን ከስሙ አስከትሎ የሚጠራ ማንም አይኖርም። አፈርኩ፤ ቅጹ ግን ተፈርሞ ፖስታ ቤት ገብቷል።

የበጋው ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሲደርስ አባቴ የሠርግ ልብሱን ለብሶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ሠራተኛዋ መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች ወረቀቱን አገላበጠችና ወደ እኔ ዞረች። «የሚቀየረው የአንቺ ስም ስለሆነ አንቺንም መጠየቅ አለብኝ። ተስማምተሻል?»

«ናይን» አልኩ፣ አይሆንም። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ።

አባቴ ክው አለ። «ሰናይት፣ ምነው? አንቺው ነሽ እኮ የፈለግሽው፣ አንድ ስም...»

«አልፈልግም አባዬ። ያንተን ነው የምፈልገው።» ከዚያ ለሴትዮዋ በጀርመንኛ፣ ዘለቀ የአባቴ ስም እንደሆነ፣ ተሰማ ደግሞ የአያቴ፣ ከዚያ ይመር፣ ከዚያ አሊ፣ ከዚያ ወሌ፣ አባቴ ያስጠናኝን ሁሉ ሳልተነፍስ ቆጠርኩላት። ስማችን ተሳስቶ ሦስት አልሆነም፤ እንዲህ ነው የምንጠራው፣ አልኳት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። «እኔ የቅድመ አያቴን ስም አላውቅም» አለችና፣ ተሰማ የሚለውን ሰርዛ ከአጠገቡ «ባለበት ይቆይ» ብላ ጻፈች። ለካ ስም መቀየሩ ግዴታ አልነበረም፤ ግዴታ ያደረግነው እኛው ነበርን።

አባቴ እዚያው ቢሮ ውስጥ ባርኔጣውን ሁለት ጊዜ አድርጎ ሁለት ጊዜ አወለቀ። በኡ-ባኑ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ግን ስልኩን አውጥቶ ለጓደኛው ደውሎ፣ የባቡሩ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ፣ «ሰናይት ዘለቀ እኮ ናት! ሰናይት ዘለቀ!» እያለ ይጮኽ ነበር። ለእናቴ ያን ምሽት ሦስት ጊዜ ነው የተረከላት፤ በሦስተኛው ሠራተኛዋ ቆማ አጨብጭባለች። እኔም አላረምኩትም፣ ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ቀን በፊት ስሜ በሰው መሐል ሲጠራ አንገቴን እደፋ ነበር። ዛሬ አባቴ ጡረተኛ ነው፤ ጉልበቱን ስለሚያመው ነጻ በሆንኩ ቀን ሐኪም ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ታማሚዋ እኔ ነበርኩ፣ ጥርሴን አሞኝ፤ እሱ ብቻዋን አትሄድም ብሎ ተከትሎኝ መጣ። ነርሷ በሩን ከፍታ «ፍራው ዘለቀ!» ስትል፣ አባቴ ኮቱን ቆልፎ፣ ያን የሚያመውን ጉልበቱን ረስቶ፣ ከእኔ ቀድሞ ብድግ አለ።