የክላርኔቱ ግማሽ ድምፅ

የኦርኬስትራ መሪው የአባቱን ሙዚቃ ለማሰማት ሃያ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቷል። አባትየው ሲሞት ድርሰቶቹ በሦስት ሻንጣ ታጭቀው ቁም ሣጥን ላይ ተረስተው ነበር። አውርዶ አቧራቸውን ያራገፈ፣ ሙዚቀኞችን የለመነ፣ «የሞተ ሰው ሙዚቃ ማን ይሰማል?» ያሉትን የአዳራሽ ኃላፊዎች አፍ ያስያዘ እሱ ነው። ሰው «አባት ማለት እንዲህ ያለ ልጅ ሲወልድ ነው» ይላል። የሆዱን እሱ ያውቃል። አባቱ በሕይወት ሳለ ሥራ ክፍሉ የምትገባው ኖታውን በእጇ የምትገለብጥለት ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች። እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሁለቱን ሳቅ ሲሰማ አደገ።

እህትየው ባሏን ተከትላ ሩቅ ኖራ ዘንድሮ ተመለሰች። በልምምዱ ዕለት ክላርኔት ተጫዋቹ የኖታ ወረቀቱ ጠፍቶበት ስለነበር፣ እሷ ድሮ በእጇ የገለበጠችውን ሰጠችው። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ አንዲት ድምፅ ግማሽ ዝቅ ብላ ወጣች። መሪው ዘንጉን አወረደ።

«ምንድን ናት እሷ?»

«ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው፣ ጋሼ።»

«ወረቀቱ ተሳስቷል።»

እህትየው ከኋላ ወንበር ጉሮሮዋን ጠረገች። «የተሳሳትኩስ እኔ ነኝ። እያንቀላፋሁ ነው የገለበጥኩት። አባባ ግን ሲሰማት ሳቀና ‹ተያት፣ ከእኔዋ ትሻላለች› አለኝ።»

«አባባ የጻፈው ዋናው ኖታ ላይ የለችም፣ እትዬ።»

«አንተ ደግሞ! የአባባን ዋና ለእኔ ልትነግረኝ ነው?»

ሙዚቀኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ዋናው ላይ እንዳለች ከማንም በላይ ያውቃል። አባቱ በገጹ ጠርዝ በእርሳስ «እንደ ልጄ ይሁን» ብሎ ጽፏል። ልጄ የተባለው እሱ አልነበረም። ሻንጣዎቹን በከፈተ ሰሞን ነጭ ወረቀት ለጥፎ ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ ድምፅ ተስተካክላ እንጂ እህቱ እንደገለበጠቻት ተሰምታ አታውቅም።

በዝግጅቱ ምሽት ክላርኔት ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ መሪውን አየው። ዓይኑ «የቱን ልጫወት?» ይላል። እህቱ ከጀርባው፣ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። መሪው አውራ ጣቱን ከፊቱ በተዘረጋው የአባቱ ኖታ ላይ በተለጠፈው ነጭ ወረቀት አሳረፈ። ከዚያ «ዝቅ አድርጋት» እንደማለት ግራ እጁን በጥቂቱ ዝቅ አደረገ።

ያቺ ድምፅ ወጣች።

ትሻላለች። ያንገበገበውም ይኸው ነበር። ጭብጨባው ሲያስተጋባ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ እህቱን ከመቀመጫዋ አስነሥቶ ለሕዝቡ አሳየ። የለጠፈውን ወረቀት ግን አልላጠውም።