ከጭን የተወሰደ ቆዳ

ታላቅ እህቴ የተቃጠለችው በበጋ ነው። እንጅባራ አጠገብ የነበረው ቤታቸው የሣር ክዳኑ በእሳት ሲያያዝ እሷ ደጅ ነበረች፤ ገና መዳህ ያልጀመረች ልጇ ግን ውስጥ ተኝታለች። ዘላ ገብታ በደረቷ ሸጉጣ አወጣቻት። ሕፃኗን እሳት አልነካትም። የእህቴ ግራ ጉንጭ፣ አገጯና አንገቷ ግን ነደደ።

ቁስሉ ከብዙ ወራት በኋላ ደረቀ። ሲደርቅ ግን እየተኮማተረ ሄደ። አገጯ ወደ ደረቷ ተሳበ፤ ቀና ማለት አቃታት። የታችኛው ከንፈሯ ተገልብጦ ምራቋን መያዝ አልቻለችም። የግራ ዓይኗ የታች ቆብ ቁልቁል ተጎትቶ ቀዩ ይታያል፤ ተኝታ እንኳ ያ ዓይን አይከደንም። ባሏ አዘና ካሉት ዘመዶቹ ጋር ላርስ ነው ብሎ ሄዶ እዚያው ሌላ አገባ። እህቴ እናታችን ቤት ተመለሰች፤ ሰው ሲመጣ ነጠላዋን ተከናንባ ጓዳ ትገባለች።

ልጅቷ ግን ያደገችው ያንን ፊት እያየች ነው። እሷ የምታውቃት እናት ያቺ ነበረች።

የእህቴ ዓይን እየደፈረሰ ሲመጣ ዳንግላ ክሊኒክ ወሰድኳት። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር፣ ዓይኗ ሳይከደን ከቆየ ደርቆ እንደሚጠፋ ነገረንና ጣና ዳር ሆስፒታል ቀዶ ጥገና የሚሠራ የውጭ አገር ሐኪም እንዳለ ጠቆመን። ልጅቷን ለእናታችን ትተን በጭነት መኪና ሄድን። እህቴ ከአገውኛ ሌላ እምብዛም ስለማትናገር፣ ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ አስታማሚም አስተርጓሚም ሆንኩላት።

ሐኪሙ አማርኛው ሰባራ ቢሆንም ይግባባል። ፊቷን በጣቶቹ ቀስ እያለ ዳሰሰው። ዓይኗን እንድትጨፍን አዘዛትና ከቆዳው ሥር የሚንቀሳቀሰውን እያየ፣ የሚጨፍነው ጡንቻ ደህና ነው፣ የጎደለው ቆዳ ነው አለን። በሐምራዊ ቀለም ፊቷና አንገቷ ላይ መስመር አሰመረ። እንደነገረን፣ ጠባሳውን እዚያ ላይ ቆርጦ ሲለቀው የተሳበው ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ባዶ የሚቀረውን አንገቷን ከጭኗ በሚልጠው ስስ ቆዳ፣ የዓይኗን ቆብ ደግሞ ከጆሮዋ ጀርባ በሚወስደው ይሸፍነዋል።

ጉንጬ ላይ ያለው የጠባሳ ጉብታስ ተፍቆ አይለሰልስም ወይ ብላ እህቴ አስጠየቀችኝ። የላዩን ቆዳ ፍቆ ማለስለስ በአገሩ እንደሚሠራበት፣ እንዲህ ባለ ወፍራም ጠባሳ ላይ ግን መልሶ እንደሚያብጥና ዥጉርጉር እንደሚያደርገው አስረዳን። ያኔ ዋናውን ጠየቀች።

«የድሮው ፊቴ ይመለሳል?»

«ዓይንሽ ይከደናል፣ አፍሽ ይገጥማል፣ አንገትሽ ይቀናል» አለ። «የድሮውን ፊት ግን መመለስ አልችልም።»

መጨረሻውን ሳልተረጉም ልተወው ዳዳኝ። እሷ ግን ከሐኪሙ ፊት ገብቷታል። ይሁን፣ ዓይኔን ያትርፉልኝ በይው አለችኝ።

ቀዶ ጥገናው ከተሠራላት በኋላ ትከሻዋ ሥር ትራስ ገብቶ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተለጥጦ ተኛች። አዲሱ ቆዳ እንዳይንሸራተት በጥጥና በክር ተጭኖ ታስሯል፤ መናገርም ማኘክም ተከልክላለች። ሾርባ በማንኪያ እያንጠባጠብኩ አበላኋት። ከፊቷ ይልቅ የተላጠው ጭኗ ያቃጥላት ነበር። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ ቆዳውን በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ ነጣ ብሎ መልሶ ቀላ። ደም ገብቶታል፣ ይዟል አለን። አንዱ ጠርዝ ብቻ ጠቁሮ ረገፈ። መስተዋት ሲሰጣት ብዙ ቆይታ አየችና ዓይኖቿን ጨፈነች። ሁለቱም ገጥመው ከሥራቸው እንባ ወረደ።

ስንወጣ ሐኪሙ አንገቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ሰጣት። አዲስ ቆዳ መኮማተር ስለሚወድ ለረጅም ጊዜ እንዳታወልቀው፣ እንዳታቀረቅርም አጥብቆ አስጠነቀቃት።

ቤት የደረስነው ገብስ ሲታጨድ ነው። እህቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ፣ አንገቷን አቅንታ ገባች። ልጅቷ አየቻትና ከእናታችን ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እህቴ በቁልምጫ ስሟ ጠራቻት። ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ግን እናቷን አልፋ በሩን፣ ግቢውን፣ አጥሩን በዓይኗ ትፈልግ ጀመር። ከየት እንደተጠራች ጠፋት።

እህቴ ቁጭ ብላ መደገፊያውን ፈታች። አገጯን ደረቷ ላይ ደፋች፤ በጣቷ ከንፈሯን ቁልቁል ጎተተች። እንደዚያ ሆና ደግማ ጠራቻት። ልጅቷ ቀስ እያለች መጣችና ጭኗ ላይ ወጣች። ያ የተላጠው ጭን ገና አልጠገገም ነበር፤ እህቴ ጥርሷን ነክሳ አቀፈቻት። እኔ ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ በመጣች ቁጥር እህቴ ታቀረቅርላታለች። መደገፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። የሐኪሙን ትእዛዝ ረሳሽው ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

«አልረሳሁትም» አለችኝ። «እስክትለምደኝ ነው።»

ልጅቷ እየቆየች አዲሱን ፊት ለመደችው። የእህቴ አንገት ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ በግማሽ ተመልሶ ተሳበ። ሐኪሙ ዘንድ እንድንመለስ ለመንኳት፤ ዳግመኛ ከልጄ አልለይም ብላ እምቢ አለች። ዓይኗ ግን ተረፈ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበርበሬ ንግድ ጫግኒ ወርዳ ወባ ጣላትና እዚያው ሞተች። መርዶው የደረሰን ከተቀበረች በኋላ ነው። ልጅቷን እኔ አሳደግኳት። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበረንም። እያደገች ስትሄድ የእናቷ መልክ ጠፋባትና ምን ትመስል ነበር እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። የትኛውን ፊት እንደምነግራት ስለማላውቅ፣ ቁመቷ እንዳንቺ ነበር እላታለሁ።