ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኩት

የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ እናቷ ሲሞቱባት ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ትምህርቱን ግን አልተወችውም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሲወጣ መጥረጊያዋን ግድግዳ ታስደግፍና ሰሌዳው ላይ የቀረውን ሁሉ፣ ጀርባው ባዶ በሆነ የፈተና ወረቀት ላይ ትገለብጣለች። ሳትጨርስ ዳስተር አታነሳም፤ ርእሰ መምህሩ ቢቆጣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች! ተማሪዎቹ «እትዬ ጠመኔ» ይሏታል። እሷም «ስምንተኛን አራት ጊዜ ደገምኩት፤ እንደኔ ያለ ሰነፍ የት አለ?» እያለች ታስቃቸዋለች። የሕዋስን ሥዕል ግን ከብዙዎቹ አሳምራ ትሥላለች።

ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ነኝ። ባሏ ደግሞ የበራችን የቀን ዘበኛ ነው። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ ደሟ እያነሰ በየወሩ ሆስፒታል ወስደው ደም ያሰጧታል። ሐኪሙ ሁለቱም ሳይታመሙ በሽታውን እንደሚሸከሙ፣ ልጅቷም ከሁለቱም እንደወረሰችው ነግሯቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ መውለድ ፈርተው ኖሩ።

ዓምና ስለ ውርስ ሳስተምር ሁለት ጠመኔ ያዝኩ። ነጩ ጤነኛው ዘረመል፣ ቀዩ የታመመው። ለእናትም ለአባትም አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ ሰጠኋቸው። ከዚያ አራት ሳጥን ሣልኩ፤ ሁለት ቀይ የተገናኙት በአንዱ ብቻ ነው። ከሥሩ «ከአራት አንዱ ይታመማል» ብዬ ጻፍኩ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንዱ ከታመመ ሌሎቹ ሦስቱ ዳኑ ማለት ነው?»

«አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው እንደገና ከአራቱ ይወጣል» አልኳት። ደወል ተደወለ፣ ወጣሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልኩ ልጆቹን የምጨቀጭቀው እኔ፣ ያንን መልስ በአፌ ብቻ ተናግሬው ወጣሁ። ምነው ጠመኔው እጄ ላይ እያለ!

ዘንድሮ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ፊቷ በርቶ መምህራን ክፍል መጣች።

«ቲቸር፣ ላንቺ ሳልነግር ለማን ልነግር? አርግዣለሁ፤ አምስት ወር ሆነኝ።»

ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። የኔ አራት ሳጥኖች ናቸው። ሁለቱ ቀዮች ባሉበት ሳጥን ውስጥ «ልጄ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይኸው፣ ይቺን የኔዋ ወስዳታለች። ሦስቱ ቀርተውናል። ከባሌ ጋር ተማክረን ነው። ስድስት ዓመት ያስጨነቀን ነገር ባንቺ ሥዕል ለቀቀን እኮ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? ከማርገዟ በፊት ቢሆን ማወቁ ይጠቅማት ነበር። አሁን ብነግራት ጭንቀት፣ ብደብቃት ክህደት። ሁለት ቀን ባየኋት ቁጥር መንገድ ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ባዶ ሲሆን በሩን ዘግቼ ነገርኳት። የመጀመሪያዋ መታመም የሚመጣውን እንደማያድነው፣ ደህና የመሆን ዕድሉ ቢበልጥም መተማመኛ እንደሌለ፣ ሁሉንም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ዘርግታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«እዚህ ላይ ግን የለም» አለች።

«የለም። አልጻፍኩትም። ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

ሐኪም ዘንድ አብሬያት እንደምሄድ ነገርኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ ማለቷ አልገባኝም።

«ለባሌ እንዳትነግሪብኝ» አለች በመጨረሻ። «ያ ሰውዬ ልጃችን ከታመመች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። አሁን ነው የሚተኛው። እስክወልድ እንኳ ይተኛ።»

ተስማማሁ። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

በየጠዋቱ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ዛሬ በአንድ እጁ ያዘኝ፣ በሌላው ከካፖርቱ ኪስ አንዲት ቢጫ የሕፃን ኮፍያ አወጣ።

«ቆንጆ አይደለችም?»

«ታምራለች፣ ጋሼ።»

«አንቺ ባታስተምሪን ይሄ ልጅ አይኖርም ነበር፤ እኔ በበኩሌ ቆርጬ ትቼው ነበር። እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።

«አሜን» አልኩትና ገባሁ።