ዱባው ሥር የሚደረግ ውዱእ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ሰመራ ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ እያለ ለሶላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉት አጥሩ ላይ በሚወጣው ዱባ ሥር ነበር። ዘሩን ከወሎ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ጆጋቸውን ይዘው ቁጢጥ እንዳሉ፣ “በዚህ ሐሩር ውሃ ለአንድ ሥራ ብቻ አይፈስም!” ይሉን ነበር። ለጋ ለጋውን እየቆረጡ ለጎረቤት ያድላሉ፤ በተቆረጠ ቁጥር ሌላ ያፈራል። እንደሳቸው እጁ የሚያለማ ሰው አላየሁም።

ከቀበርናቸው ወዲህ ወደዚያ ጥግ የሄደ የለም፤ ዱባው ጠወለገ። ትናንት ለሰደቃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ለዙሁር ሶላት ወደ ቧንቧው ስመራቸው፣ የአያቴ የልብ ወዳጅ ቆም አሉና “የሱ ቦታ የት ነው?” አሉኝ። አሳየኋቸው። ሁሉም ተራ በተራ ዱባው ሥር ቁጢጥ አሉ።

ዛሬ ጠዋት ቅጠሉ ቀና ብሏል።