አባባ ራውዳን ሜዳ ላይ ያዩበት ቀን

ዛሬ ቢቸና ላይ ታናሽ እህቴ ራውዳ ጉልበቷን ይዛ ስትወድቅ፣ አጠገቤ የነበሩት አባባ ብድግ አሉ።

አምና ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበቷ ነው። ሐኪሙ እንድትጫወት ቢፈቅድላትም አባባ አልፈቀዱም። ከሞጣ የመጡትም ጨዋታ ሊያዩ ሳይሆን ወደ ቤት ሊወስዷት ነበር።

ራውዳ ቢቸና የምትማርበት ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ጋርድ ናት፤ ኳሱን ይዛ ጨዋታውን የምትመራው እሷ ናት። በአንድ ነጥብ እየተመራን ጥቂት ሰከንዶች ቀርተዋል።

አሰልጣኟ ልትቀይራት ስትል ራውዳ ተነስታ ወደ እኛ ዞረች።

«አባባ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

አባባ ጉልበቷን አዩ።

«ያምሻል?»

«አሁን ሕመሙ ተወኝ።»

«እንግዲያው ጨርሺ።»

ኳሱን እያነጠረች ሄደች። ሁለት ተከላካዮች ከበቧት። ትወረውራለች ስንል፣ ጥግ ላይ ብቻዋን ለቆመች ጓደኛዋ አቀበለቻት። ጓደኛዋም አስቆጠረች። አሸነፍን።

አባባ ግን ቅር አላቸው። «ይህን ሁሉ ለፍታ ኳሱን ለሰው ትሰጣለች?» (ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም።)

አሁን ወደ ሞጣ እየተመለስን ነው፤ ራውዳ አብራን የለችም። ቅር ቢላቸውም ወድቃ ተነስታ ስትጨርስ ያዩት አባባ «ጉልበትሽን ሐኪም ዘንድ ታይተሽ ተጫወቺ» ብለዋት መጡ።

እናንተስ፣ ወላጆቻችሁ እምቢ ካሉ በኋላ ሐሳባቸውን የቀየሩት ምን አይተው ነው?